ዴስኩ ለምን ተሰበረ፦ ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ

ከሆሳዕና ከተመለስኩ ሰነበትኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ኮሪደር ላይ ያስቆሙኝና "ጉዞው እንዴት ነበር? ቅቤውስ?" ይሉኛል። ቅቤው ጥሩ ነው። ሰዉም ደግ ነው። ጣጣው እዚያ ላይ ነው፤ ያናደደኝን ነገር ሁሉ ያገኘሁት በደግ ሰዎች ቤት፣ እየበላሁ እየጠጣሁ ነው። በአፍ ብጀምረው አልጨርሰውም ብዬ ጻፍኩት።

የምተዳደረው ካይዘን በማሰልጠን ነው። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፣ ሥራን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ማሻሻል፣ ብክነትን ማስወገድ፣ ችግር ሲፈጠር ደግሞ "ማን አጠፋ?" ብሎ ከመጮህ "ለምን ሆነ?" ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ከማስተምረው ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ካየ ሥራውን የማስቆም መብት አለው፤ አለቃው ደግሞ አመስግኖ ምክንያቱን የመፈለግ ግዴታ አለበት። አምና ሆሳዕና ላይ በአንድ የዴስክ ማምረቻ ይህን ሳስተምር፣ የብየዳ ክፍሉ ቡድን መሪ ታደለች እጇን አወጣች። "እሺ፣ አስቆምኩ እንበል። ከዚያ በኋላ ከጎኔ ማን ይኖራል?" አለች። "አለቃሽ" አልኳት። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዘንድሮ የሄድኩት ያ ስልጠና ሥራ ላይ መዋሉን ለማየት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሾፌራችን ከተካ ጋር ወጣን። ተካ ሾፌር ከመሆኑ በፊት በያጅ ነበር፤ ብዙ አያወራም። ቡታጅራ ላይ ቁርስ በልተን፣ ወራቤን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ፈነዳብን። ትርፍ ጎማ አለን፤ ክሪክ የለንም። ከግቢያችን ስንወጣ "መኪናው የተሟላ ነው" የሚለው ወረቀት ላይ ፈርመናል፤ ከክሪኩም ትይዩ ምልክት ተደርጎበታል። እንግዲህ ለሌላው ሥርዓት ላስተምር የምሄደው እኔ ነኝ። እርሻቸው ላይ የነበሩ ሰዎች ሳንጠራቸው መጡ። አንዱ ወፍራም አጣና፣ ሌላው ድንጋይ ይዞ መኪናውን ከፍ አድርገው ያዙልን። ተካ ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስ ምስጋናችንን እንኳ በቅጡ ሳይሰሙ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ ቢሆን ከኋላችን ያለው ክላክሱን ተጭኖ እስኪያደነቁረን አይለቀንም ነበር።

ሆሳዕና የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ማምረቻው በር ላይ ሠራተኛው በሙሉ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ፣ አበባ ይዞ ይጠብቀናል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤርሚያስ ደረተ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ ሰው ነው። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"እህት አስቴር፣ እንኳን በደህና መጣሽልን።"

"አቶ ኤርሚያስ፣ እኔ የመጣሁት ሥራ ላይ እንዳሉ ላያቸው ነበር።"

"ዛሬማ ምን ሥራ አለ? እንግዳ አለብን" አለኝ፤ ከልቡ ነው።

ብክነት ምን እንደሆነ ሳስተምር ብዙ ምሳሌ እጠቅስ ነበር። ራሴ አበባ ታቅፌ ምሳሌ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የቆመው ማሽን በሙሉ ለእኔ ክብር ነው የቆመው፤ በር ላይ ጣውላ ጭኖ የመጣ የጋሪ ባለቤትም ለእኔው ክብር ፀሐይ ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ ገባን። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። አምስቱ ማ የምንላቸው የካይዘን ደንቦች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በመስታወት ተከድነው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የሐሳብ መስጫ ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው ብል ቁልፉ ያለው ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል ተባልኩ። መቼ እንደሄደ ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። የሁሉንም እጅ ስጨብጥ ታደለችን ግን አጣኋት።

ያገኘኋት ስወጣ ነው። በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሴት ሠራተኞችን ቦርሳ ትፈትሻለች። ታደለች በቴክኒክና ሙያ የተመረቀች፣ ምላሷ የፈጠነ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያወራችኝ።

"አስቆምኩ" አለች። "እርስዎ እንዳሉት። የዴስኩ እግር ከብየዳው ላይ ይሰነጠቅ ነበር። ርክክቡ በማግስቱ ነው፣ እንግዳ ተጠርቷል። አቶ ኤርሚያስ ቀጥሉ አለ። እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጋሁት። እሱ ራሱ መጥቶ ከፈተው፣ እኔን ደግሞ እዚህ አስቀመጠኝ።"

"እና አሁንስ?"

"ዓርብ ሽማግሌ ይቀመጣል። ይቅርታ ከጠየቅኩ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። አልጠይቅም ካልኩ በሩም ይቀርብኛል። ባለቤቴ 'አንዴ ይቅርታ ብትይ ምን ይጎድልሻል?' ይላል። ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለው።" የሚቀጥለውን ቦርሳ እየከፈተች "ከጎኔ ማን እንደሚኖር ጠይቄዎት ነበር" አለችኝ።

ሆቴል ይዘን ነበር፤ አቶ ኤርሚያስ ግን "እኔ እያለሁ" ብሎ ሻንጣዬን ራሱ አንስቶ ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ወይዘሮ ምህረት አታካና ሠርታ ጠበቀችኝ። ቡላው በወተትና በቅቤ ተነክሮ፣ አይብ ተጨምሮበት የሚቀርብ ምግብ ነው፤ ለክብር እንግዳ ነው የሚሠራው። ሳህኑ ላይ ቅቤው ሲጎድል እያየች ትጨምርልኛለች። እኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምግብ በስልክ እናዛለን፤ አፈርኩ። አልጋዬ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ሳልጠይቃት የእግር ውኃ አሞቀች። እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጦ መናደድ ከባድ ነው። ግን ተናደድኩ።

"ስለ ታደለች ሰማሁ" አልኩት ለአቶ ኤርሚያስ።

ፊቱ ጠቆረ። "ሰው ፊት አዋረደችኝ፣ እህቴ። ልጆቼ እንኳ ሰሙ። ጨካኝ አይደለሁም፤ ይቅርታ ትጠይቅ፣ እኔም ይቅር እላለሁ፣ በፍቅር እንቀጥላለን።"

"ዴስኮቹስ?"

"ዴስኮቹ ርክክባቸው አልቋል። ጊምቢቹ፣ ዶዮገና፣ ሀደሮ ትምህርት ቤቶቹ ጋ ደርሰዋል። አንድም ቅሬታ አልመጣም።"

ችግር ያለ ሲመስል ችግሩ ያለበት ድረስ ሄዶ በዓይን ማየት የሥራችን መጀመሪያ ነው። እሱ አልሄደም። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ደስ አለው። ወይዘሮ ምህረት ስንቅ ቋጠረችልኝ።

ማክሰኞ ጊምቢቹ ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ከግራ ከቀኝ እንሰቱ ጥላ ጥሎበታል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በር ላይ ተቀብሎን ቢሮው አስገባን፤ ማር፣ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ክፍል ልይ አልኩ። "ይደረሳል፣ ማሩን ቅመሱ" አለ። ማሩን ቀመስኩ። ክፍል ልይ አልኩ። ሁለተኛ ሻይ መጣ። በኋላ ተነስቼ ራሴ ሄድኩ፤ እሱም ከኋላዬ እየተከተለ "ልጆቹ ተንቀሳቃሽ ናቸው፣ ዕቃ አይያዝላቸውም" ይላል።

አዲሶቹ ዴስኮች በገመድ ታስረዋል። አንዱ እግሩ ተቆርጦ ድንጋይ ተተክሎለታል። አንዱን መምህራኑ በጣውላ ቸንክረውታል። ልጆቹ ሚዛናቸውን ጠብቀው መቀመጥ ተምረዋል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው እንዳይወድቅ እየተጠራሩ ነው የሚነሱት።

"ለምን አላሳወቃችሁም?" አልኩ።

"እህቴ፣ የተሰጠንን ነገር እንዴት አድርገን እናማርራለን? እነሱም ደክመውበታል። ነውር ነው።"

ነውር። ቃሉን ሀዲያ ብቻ የፈጠረው አይደለም፣ አዲስ አበባም ሞልቷል። እኛም ጋ ሊፍቱ ከቆመ ሰነበተ፤ የጥገና ሠራተኞቹ እንዳያዝኑብን በደረጃ እንወጣለን። ግን ልጆች እየወደቁ ዝም ማለት ጨዋነት ከሆነ፣ ጨዋነት የሚባለውን ነገር አንዴ ማየት አለብን። ለርዕሰ መምህሩ ይህንኑ ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ፤ ስንሄድ ቀሪውን ማር በማሰሮ አስጫነልን።

ረቡዕ ወደ ዶዮገና ወጣን። ብርዱ ይቆረጥማል። ያረፍንበት ሆቴል ግድግዳ ላይ "ሙቅ ሻወር 24 ሰዓት" ተብሎ ተጽፏል፤ ቧንቧው ግን ቀዝቃዛም የለውም። የሆቴሉ ባለቤት አባቷ ከጉራጌ ለንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሱቅና ሆቴል አንድ ላይ የምትይዝ ሴት ናት። ምን ሆነ ብላት አልተከራከረችኝም፤ በጀሪካን የፈላ ውኃ አምጥታ የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ። ጽሑፉን ለምን አታነሺውም ብላት "ሲያልቅ የሚመጣ ነው" አለች። ምን ሲያልቅ እንደሆነ አልነገረችኝም። ማታ ቆጮ በድንችና በጎመን በላን፤ ተካ ሦስቴ አስጨመረ።

የዶዮገናው ትምህርት ቤት ግን ከጊምቢቹም ባሰ። ልጆቹ ከድሮው አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። አዲሶቹ ዴስኮች የት አሉ አልኩ። መጋዘን ወሰዱኝ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው፣ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ለጉብኝት ሰው ሲመጣ እናወጣቸዋለን" አለኝ ምክትሉ። "ካልተቀመጡባቸው አይሰበሩም።"

ያኔ ሳቅኩ። ከሳቄ በኋላ ነው የነደደኝ። ዴስክ ሠርተን፣ አጓጉዘን፣ አጨብጭበን አስረክበን፣ ልጅ እንዳይቀመጥበት ሸራ አልብሰን አስቀምጠነዋል። ከዚህ የበለጠ ብክነት የሚያሳይ ሥዕል በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም። ምክትሉ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተማሪዎቹን ሊጠብቅ፣ አስረካቢዎቹንም ሊያከብር ነው የለፋው።

ሐሙስ ሀደሮ ወረድን። እዚያ ይሞቃል፤ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ገበያው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀኝ ክንዷን በነጠላ ያንጠለጠለች ተማሪ አገኘን። ምን ሆንሽ ብላት "ዴስክ ጣለኝ" አለች፤ ውሻ ነከሰኝ እንደሚባለው ቀለል አድርጋ። አሁን በግራ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነው። ደብተሯን አሳየችኝ፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል። መምህሯ ከጎኗ ቆማ "ትድናለች፣ አይዞሽ" ትላለች። "አይዞሽ"ን እንኳ መስማት አስጠላኝ። ከክፍሉ ጥግ የተጣለውን የዴስክ እግር አንስቼ መኪና ውስጥ ጫንኩት። ማንም ለምን አላለኝም። መንገድ ላይ እንዳይርበን በቆሎ ቀቅለው ሰጡን።

ስንመለስ ተካ መኪናውን አቁሞ የዴስኩን እግር አገላብጦ አየው። "ይሄ ቱቦላሬ ቀጭን ነው" አለ፤ እግሩ የተሠራበትን ውስጠ ክፍት ብረት ማለቱ ነው። "ለዴስክ አይሆንም። ስትበይደው ይቃጠላል።" ለምን በቀጭን ሠሩ? ወፍራሙ ስላልነበረ ይሆናል። ለምን እስኪመጣ አልጠበቁም? ርክክቡ ቀን ስለተቆረጠለት። ለምን ቀኑ አልተዛወረም? የዚህ መልስ ያለው አቶ ኤርሚያስ ሆድ ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም። ሁሉም የጠየቀው ማን ማንን አዋረደ የሚለውን ነው። ሽምግልናን አልንቅም፤ የእኔንም ትዳር አንዴ አድኖታል። ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሰውን ከሰው ነው። ብየዳን ከቱቦላሬ አያስታርቅም። ሁለቱ ተቃቅፈው ተላቅሰው፣ ዴስኩ እንደተሰበረ ይቀራል።

ዓርብ በማምረቻው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሥራ ቆሟል፤ ይህን ያህል ለምጄው ነበር። ጸሎት ተደረገ። ሰብሳቢው አቶ ሎምበሶ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አቶ ኤርሚያስንም ታደለችንም ፊደል ያስቆጠሩ። ከሁለቱም ወገን ሰሙ። ከዚያ "እንግዳችንም አንድ ነገር ይበሉ" አሉ።

ወይዘሮ ምህረት ከበሩ አጠገብ ምሳ ይዛ ቆማ እያየችኝ ነው። የበላሁበትን ወጭት ልሰብር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሀደሮ ያየኋት ልጅ ደብተር መጣብኝ፤ የዴስኩን እግር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይህ ከሀደሮ ነው" አልኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ገመዱን፣ ሸራውን፣ የልጅቷን ክንድ። "አቶ ኤርሚያስ ቤት በልቼ አድሬያለሁ፤ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ማን አጠፋ አልልም። ለምን በቀጭኑ እንደሠራችሁ ግን ይነገረን።"

አቶ ኤርሚያስ ብረቱን አንስቶ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ያ ሳቂታ ፊት የት እንደሄደ እንጃ።

"ወፍራሙ አልደረሰም" አለ በመጨረሻ። "የርክክቡ ቀን ተቆርጧል። መጥሪያ ተበትኗል። በሬ ተገዝቷል። ቀኑ ይዛወር ብዬ ማን ፊት ልቁም?"

አቶ ሎምበሶ ብረቱን ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ታደለች ዞሩ። "ልጄ፣ ነገሩ ገብቶናል። ቢሆንም አለቃሽን ሰው ፊት ነው ያሳፈርሽው። ይቅርታ ጠይቂና ይለቅ።"

ከወንበሬ ልነሳ ነበር። ተካ ክንዴን ያዘኝ።

ታደለች ተነሳች። "እጠይቃለሁ" አለች። ሰው ሁሉ እፎይ ሲል ተሰማኝ። "ስንጥቁን ያየሁት ጠዋት ነው። ያስቆምኩት ከሰዓት ነው። በመካከሉ ፈርቼ ዝም ብዬ በየድኩ። የዚያች ልጅ ዴስክ ጠዋት የበየድኩት ሊሆን ይችላል። ይቅርታዬ ለእሷ ነው። ስላስቆምኩ አይደለም፤ ስለዘገየሁ።"

እሷ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። አቶ ሎምበሶ "ኤርሚያስ፣ አንተስ?" አሉ።

አቶ ኤርሚያስ ዓይኑን ከብረቱ አላነሳም። "ዴስኮቹ ይመለሱ" አለ። "ሁሉም። እንደገና ይሠሩ፤ ታደለችም ክፍሏን ትምራ።" እዚህ ላይ ፊቱ በራ፣ የለመድኩት ሰው ተመለሰ። "ሲያልቁም እንዲሁ አንልካቸውም። ጥሩ ርክክብ እናደርጋለን፣ እንግዳ እንጠራለን። ለምሳሌ የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ ቀን ብንቆርጥ..."

እጄን ግንባሬ ላይ ጫንኩ። ምሳውን ማቅረብ የጀመሩ ሴቶች ለሳህን ቦታ ለማግኘት የዴስኩን እግር ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፉት። ታደለች እጇን ሰድዳ አነሳችው።

"ቀኑን እኔ ነኝ የምቆርጠው" አለች። "ዴስኩ ሲያልቅ።"

አቶ ኤርሚያስ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ፣ ሽማግሌዎቹም ወደ ሳህናቸው። "እሺ" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁሉም ሰምቶታል።

ታደለች ምሳ አልበላችም። ብረቱን ይዛ ወጣች፤ በሩ ላይ ያለውን በርጩማዋን አነሳችና ወደ ብየዳ ክፍል ገባች። እኛ ገና እጃችንን ሳንታጠብ ማሽኑ ሲነሳ ሰማን።